አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሽማግሌ

እናንተዬ፣ በዚህ ዘመን ቃልን መጠበቅ ብቻውን አይበቃም፤ መጠበቃችሁን ኮምፒውተር ካላወቀላችሁ ቃል አባይ ናችሁ።

ነገሩ መቼ እንደደረሰ በትክክል አላስታውስም። ክረምት ይመስለኛል፣ የሰፈራችን ዳገት ያንሸራትት ነበርና። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዳ ማኅበር ዊንጌት ግድም ሰብስቦን ነበር። እንደምታውቁት፣ ስብሰባ ሲሞቅ እጅ ከልብ ይቀድማል... እኔም ብድግ አልኩና የአንድ ፍራሽ ዋጋ ልሰጥ ቃል ገባሁ።

ገንዘቡን ባለቤቴ አስካለ ዶሮዎቿን ሽጣ ሰጠችኝ። በስልክ መክፈል ስለማላውቅ ለጎረቤቴ ለብርሃኑ በጥሬው አስረከብኩት፤ እሱ በራሱ ስልክ ላከልኝ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከማኅበሩ ተደወለ። አንዲት ትሑት ልጅ፣ «አባባ፣ የገቡትን ቃል እንዳይረሱት ብዬ ነው» አለችኝ። ከፍያለሁ ብላት እዚህ አይታይም አለች። ጆሮዬ ስለደከመ የስልኬ ድምፅ ግቢውን ይሞላል፤ አስካለ አንድም ቃል አላመለጣት። ስልኩን እንደዘጋሁ ወደኔ ዞረችና፣

«ዶሮዎቼን ጠጅ ቤት ነው ያሰፈርካቸው?» አለችኝ።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እየተባልኩ ያደግሁ ሰው፣ በስተርጅና ከሚስቴ እንዲህ ስባል አስቡት እንግዲህ።

ብርሃኑ ቤት ሄድኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ማኅበሩ የላከለትን የምስጋና ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል እንጂ ብርሃኑንስ አድምቆታል።

«ያንተ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለኝ፤ «ስሜን እንዲያ አሳምረው ጽፈውት ማውረዱ አሳዘነኝ።»

እጁን ይዤ ወደ ማኅበሩ ቢሮ። የደወለችልኝ ልጅ ሰላማዊት ትባላለች፤ የሱን ስም ፍቂና የኔን ጻፊ አልኳት።

«አይሆንም አባባ። ገንዘቡ የመጣው በእርሳቸው ስልክ ነው። ያንን ከሰረዝኩ ውሸት ጻፍኩ ማለት ነው።»

እውነቷን ነው። እንዳለ ከተወችው ደግሞ እኔ አስካለ ፊት የዶሮ ሌባ ሆኜ መቅረቴ ነው። አሰብ አደረግሁና፣

«ልጄ፣ ለእንጦጦ ማርያም ጥላ የተሳለች ሴት ዳገቱ ቢያቅታት በጎረቤቷ እጅ ትልካለች። ስለቱ የማን ነው?» አልኳት።

«የላኪዋ ነዋ» አለች፤ አለችና ሳቀች። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙራ አሳየችኝ። ለካ ከከፋዩ ስም ሥር፣ የተከፈለው የማንን ቃል ለመፈጸም እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ! ብርሃኑ ሲልክ የኔን ስም ስላላነሳ ባዶውን ቀርቷል። ሞላችው። የብርሃኑ ደረሰኝ በቦታው ቀረ፣ የኔም ቃል ተፈጸመ ተባለ። ገንዘቡም ሁለቴ አልተቆጠረም፤ ሽማግሌዎቹ ሁለት ብንሆንም ፍራሹ አንድ ነው።

አደራ፣ ቤት ስገባ ደውይልኝ አልኳት። ደወለች፤ ስሜ በቦታው መሞላቱንና ቃሌን መፈጸሜን ግቢው በሙሉ ሰማ። አስካለ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰደችና፣

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ለዶሮዎቹ ባለቤትስ ቦታ የለውም?» አለች።

አሁን የኛም ቤት ግድግዳ ላይ የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል። የሁለታችንም ስም አለበት፤ የአስካለ ይቀድማል። እንዲህ አድርጋ የጻፈችው፣ ከሚስቴ ጋር ያስታረቀችኝ ሰላማዊት ናት።