የሞተሯ ባለቤት

እኔ በዋጋ ክርክር ተሸንፌ አላውቅም። ለጉራ አይደለም የምላችሁ። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ሸራ ተራ ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የተጠራልኝን ዋጋ «እሺ» ብዬ የከፈልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። መድኃኒት ቤት ዋጋ አይቀነስም ይላሉ አይደል? እኔ አስቀንሻለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ዕቃ መግዛት ስለሚያሳፍራት ራቅ ብላ ትቆማለች። ኢንሹራንስ ቤት ሄጄም አስቀንሻለሁ፤ የዛሬው ጨዋታዬ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሞተሯ ልንገራችሁ። ላንጋኖ ዳር ለእንግዳ ድንኳን የሚያከራይ ደንበኛ ነበረኝ፤ ሸራውን ሁሉ የሚወስደው ከእኔ ነው። ሥራውን ሲዘጋ ባለ አራት ጎማ ሞተሩን ሸጠልኝ። ታውቋታላችሁ፣ አሸዋም ድንጋይም ላይ የምትሄደዋን፣ ጎማዋ ወፍራም፣ መሪዋ የብስክሌት የሚመስለውን። ቀይ ናት። ሰሌዳ የላትም፣ አስፋልት ላይ አትወጣም። ታዲያ ሥራዋ ምንድነው ካላችሁኝ፣ ሥራ የላትም፤ መዝናኛ ናት። ስድስት ቀን ሙሉ ከጋሪና ከተሸካሚ ጋር ሲጋፋ የሚውል ሰው በሰባተኛው ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ትንሽ ቢጋልብ ምን ይገርማል? እሁድ እሁድ በፒክአፕ እየጫንን ወደ ሱሉልታ መውጣት ጀመርን።

«ጀመርን» ያልኩት እኔና ሐጂ ሰይድን ነው። ሐጂ ከእኔ ቀጥለው ገመድ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት ነው። ሱቃቸውን በሦስት ቁልፍ ቆልፈው፣ አሥር እርምጃ ሄደው፣ ተመልሰው ሦስቱንም የሚነካኩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ሞተሯን እንዳመጣኋት «ኢንሹራንስ ግባላት» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። መርካቶ እየነገደ እሳትና ሌባ የማይፈራ ማን አለ? ሄድኩ።

ኢንሹራንስ ቤት የተቀበለችኝ ልጅ ሰላም ትባላለች። ረጋ ያለች ልጅ ናት። «ጋሼ ወልዴ፣ ሁለት ዓይነት ሽፋን ነው ያለው» አለችኝ። አንዱ ለራሷ ለሞተሯ ነው፤ ብትሰረቅ፣ ብትቃጠል፣ ብትገለበጥ። ሌላው ለሦስተኛ ወገን ነው። ሦስተኛ ወገን ደግሞ ማነው? ስላት፣ አንደኛው እርስዎ ነዎት፣ ሁለተኛው እኛ ነን፣ ሦስተኛው ሞተሯ የምትጎዳው ማንኛውም ሰው ነው ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ ዋጋውን ጠራች። እኔም እንደ ልማዴ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ልሄድ ተነሳሁ።

ቅናሽ የለም አለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በመጨረሻ ልጅቷ ደከማትና፣ ሦስተኛ ወገንን ካወጣነው ይቀንሳል አለችኝ። አውጪው አልኳታ! እሷ ግን ብዕሯን አስቀምጣ መከረችኝ፤ ሞተሯን ሌላ ሰው ቢነዳት እንኳ፣ እርስዎ በቦታው ባይኖሩ እንኳ፣ ለምታደርሰው ጉዳት ባለቤቷ ይጠየቃል አለች። ሜዳ ላይ ማንን እገጫለሁ፣ ሳሩን? አልኳት። ያቺን አንቀጽ በጣቷ እያሳየች ሁለት ጊዜ አስፈረመችኝ።

ተራችን ገብቼ ኢንሹራንስ ቤት ማስቀነሴን ሳወራ ጉድ ተባለ። ሐጂ ብቻ ናቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ «ምን ተቀንሶ ነው የቀነሰው?» ያሉኝ። እኔ ለደንበኛ ዋጋ ስቀንስ ሸራውን አላሳጥርበትም፤ እሳቸው ግን ሁሌም እንዲህ ናቸው። ሻይ አዘዝኩላቸው።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ፣ ሁልጊዜ ፒክአፑ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ ሐጂ «እስቲ ልሞክራት» አሉ። እኔም በኩራት አስቀመጥኳቸው። ቢስሚላሂ ብለው ያቺን የነዳጅ ማንሻ በአውራ ጣታቸው ቢጫኗት ሞተሯ ተፈትልካ ወጣች። ሐጂም ደንግጠው የባሰ ጫኗት። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ጣትዎን ያንሱ እላለሁ፤ እሳቸው የማይመለከተውን ግራ እጃቸውን ያነሳሉ። ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ ገበሬ በስንዴ ማሳቸው ዳር ማጭድ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዘለው ለማምለጥ ሞከሩ፣ ግን የፊት ጎማዋ ግራ እግራቸውን አገኘቻቸው። ከዚያ ሞተሯ ድርቆሽ ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች። ሐጂ ደህና ናቸው። ሞተሯ ጭረት እንኳ የላትም። ኢንሹራንስ የገባሁላት ነገር ምንም አልሆነችም።

ኦቦ ደቻሳን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል፤ ጀሶ ታሰረላቸው፣ ከወር በላይ እንዳይረግጡበት ተባለ። በማግስቱ እኔና ሐጂ ልንጠይቃቸው ቤታቸው ሄድን። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ታውቃላችሁ፤ ገና ሳልቀመጥ ክርክር ጀመርኩ። ሰው ሲሄድ ግራ ቀኙን ቢያይ፣ ምናምን። ሐጂ አቋረጡኝና፣ የነዳሁት እኔ ነኝ፣ የምክሰውም እኔ ነኝ አሉ።

ኦቦ ደቻሳ ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሞተሯ የማናት?» ብለው ጠየቁ።

የእኔ ናት አልኩ።

«በሬዬ የሰው ማሳ ቢገባ በሬውን ማንም አይጠይቀውም። እኔን ነው የሚጠይቁኝ» አሉኝ።

አያችሁልኝ? ሰላም ወረቀት ዘርግታ ግማሽ ቀን የደከመችበትን ሰውየው አልጋ ላይ ሆነው ጨረሱት። ሐጂ ግን ቅር አላቸው። ስንመለስ ጎጃም በረንዳ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ፣ «እንግዲህ እኔ በሬው ነኝ ማለት ነው» እያሉ ነበር።

ከቤታቸው ሳንወጣ ግን ኦቦ ደቻሳ ሌላ ነገር ብለዋል። ሕክምናውን ቻልክልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስንዴውንስ ማን ያጭዳል? አሉ። ልጆቻቸው ርቀው ነው ያሉት። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን አጨዳ ይዟል፣ የቀን ሠራተኛም የለም። ሰማዩ ደግሞ ያለወቅቱ ዳምኗል። ስንዴው እንደቆመ ዝናብ ከመታው የቤቱ የዓመት ቀለብ ሄደ ማለት ነው። ይህን ሲናገሩ እኔን አያዩም፣ በበሩ በኩል ደመናውን ነው የሚያዩት። አፈርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት የተከራከርኩበት አፍ ለደመና ምን ይለዋል?

ማክሰኞ ጠዋት ሰላም ዘንድ ሄጄ ሁለቱንም ሽፋን ገባሁ። በተጠራው ዋጋ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ደህና ነዎት ወይ? ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ላለፈው እንደማይሠራም ነገረችኝ፤ አውቃለሁ፣ ለወደፊቱ ነው አልኳት። ቅጹ ላይ «የአገልግሎት ዓይነት» የሚል ቦታ ነበረው። «መዝናኛ» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ከዚያ ስንዴውን ላጭድ ሱቄን ዘጋሁ። ሐጂም ሦስቱን ቁልፍ ቆለፉ። ከተራችን አምስት ነጋዴ ተከተለን። ሚዛንና መቀስ የለመደ እጅ ማጭድ ሲይዝ አታሳየኝ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መዳፋችን ውኃ ቋጠረ። ኦቦ ደቻሳ ማሳው ዳር ተቀምጠው፣ አንተ ወፍራሙ ዝቅ አድርገህ እጨድ፣ ይሉኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ታዝዤ አላውቅም። አጭደን፣ በሐጂ ገመድ አሰርን።

በአራተኛው ቀን ደመናው ጠቆረ። ነዶው ሁሉ ከማሳው ተነስቶ ደጃቸው ካለው አውድማ መድረስና መሸፈን አለበት። በሸክም ከሆነ አናደርሰውም። ሐጂ ከዚያን እሁድ ጀምሮ ፒክአፑ ላይ እንደተጫነች ያለችውን ሞተር አዩ፤ እኔም አየሁ። ወፍራም ሸራ ከኋላዋ አስረን ነዶ ጫንበት። ማን ይንዳት? ሐጂ ከእንግዲህ አልነካትም ብለው ምለዋል። እኔ አውድማው ላይ እየከመርኩ ነው። ኦቦ ደቻሳ፣ ቁጭ ማለቴ ካልቀረ እሷ ላይ ቁጭ ልበል አሉ። ሚስታቸው ጮኹ፣ ማን ሰምቷቸው። ጀሶ ያለበትን እግራቸውን በሐጂ ገመድ አስደግፈን አስቀመጥናቸው።

ስንዴው ገባ። ዝናቡ የመጣው የመጨረሻውን ሸራ ካሰርን በኋላ ነው። እሱን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ልባችሁ እንዲያርፍ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ስሙኝ።

ኦቦ ደቻሳ የመጀመሪያውን ጭነት በዝግታ አመጡ። ሁለተኛውን ፈጠን አሉ። በሦስተኛው እየዘፈኑ ነበር። ማሳው ዳር የሰው ላም አለች፣ የሰው አጥር አለ፣ ነዶ የተሸከሙ አምስት ነጋዴዎች አሉ። እኔም ለማንኛውም ብዬ፣ ሙሉ ሽፋን እንዳለው ሰው ተዝናንቼ ሰላም ጋ ደወልኩ።

ደግሞ ሰው ገጩ እንዴ? አለችኝ። ኧረ አልገጨሁም፣ ለማወቅ ያህል ነው አልኳት። ሞተሯ ምን እየሠራች ነው? አለች። ነዶ እየጎተተች ነው አልኩ። እሷም ቀስ ብላ፣ ውሉ የሚለው መዝናኛ ነው፣ ጭነት አይሸፍንም አለች። ሰውየውን ብታዪው መዝናኛ መሆኑን ታምኛለሽ አልኳት።

«የትኛው ሰውዬ? ማነው የሚነዳት?»

ቀና ብዬ አየሁ። ኦቦ ደቻሳ ጀሷቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ቁልቁለቱን ወደ ጎረቤታቸው አጥር እየታጠፉ ነው።

«ሦስተኛ ወገን» አልኳት።

«ጋሼ ወልዴ፣ ስልኩን ይዝጉና ከፊታቸው ሮጠው ያስቁሟቸው» አለችኝ።

አልተከራከርኩም። ሮጥኩ።