ፀሐይ በራችን ላይ የተሰለፈች ለት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም አንድ ሰው ካልሰማኝ እፈነዳለሁ!

አስቀድሜ ግን አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባባ እግሩን ካመመው ጀምሮ ከጓዳ አልጋው አይወርድም። የጓዳዋን አንድ ለእናቱ መስኮት ደግሞ የጎረቤታችን የአቶ ፍሰሐ አዲስ ፎቅ መጥቶ ድፍን አደረጋት። ይኸው ዓመት ከአራት ወሩ፣ አባባ ቀኑን ሙሉ «ባንቺ፣ ነጋ እንዴ?» ይለኛል። ምሳውን እያጎረስኩት እንኳ ይጠይቀኛል። ጣሪያውን ከፍቶ ብርሃን እንዲያስገባልን የጠራነው ቆርቆሮ መቺ «ነገ እመጣለሁ» እያለ ሁለት ወር ሲያመላልሰን፣ ባሌ ገዛኸኝ ትናንት ቱግ አለና «ሚስማርና መዶሻ አይደለም እንዴ! ምን ችግር አለው!» ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ከጓዳው በላይ ቆርቆሮውን ቆርጦ፣ ብርሃን የሚያስገባውን ፕላስቲክ መታበት። ሲጨርስ መሽቷል። አባባ ቀና ብሎ አየና «የታለ ብርሃኑ?» አለ። «ነገ ጠዋት ታየዋለህ» አልኩት። ልቤ ተንጠልጥሎ ተኛሁ።

በሕልሜ ቤታችን ተገልብጧል። ጣሪያው ከእግራችን በታች፣ ወለሉ ከራሳችን በላይ። ቡፌው ከላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልወደቀችም። ስንራመድ ቆርቆሮው ኳ ኳ ይላል። አባባ ግን! አባባ በሁለት እግሩ ቆሞ ቤቱን ይዞረዋል!

«አባባ፣ እግርህስ?» አልኩት።

«ዛሬ ተራው የእናንተ ነው» አለኝ። እውነትም እኔና ገዛኸኝ አልጋ ላይ ተኝተናል፤ አባባ እያጎረሰን ነው።

በሩ ተንኳኳ። ዘልዬ ከፈትኩት። ሁሌ እኛን የሚያሰልፉን የወረዳው ሠራተኞች አንድም ሳይቀሩ ፋይላቸውን ታቅፈው ደጃችን ላይ ተሰልፈዋል።

«እሜቴ፣ ዛሬ እንኳ ቢያስተናግዱን?» አለኝ ኃላፊው እጅ እየነሣ።

«ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት፤ ነገ ተመለሱ» አልኩት። ኧረ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከሰልፉ መጨረሻ ፀሐይ ቆማለች። ቢጫ ቱታ ለብሳ፣ የመሣሪያ ሳጥን ይዛ፣ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ላብ በላብ ሆናለች።

«እኔ እንኳ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለች። «ዓመት ከአራት ወር ሙሉ መግቢያ አጥቼ ስንከራተት ነበር።»

«ግቢ በሞቴ!» ብዬ ጎተትኳት። እጄ ተቃጠለ፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

ፀሐይ ጊዜም አላጠፋች፣ ዶማ አውጥታ ጣሪያውን ትቆፍረው ጀመር። ከእግራችን ሥር ሰማይ ብቅ አለ። አባባ እንደ ሕፃን ዘለለ። በዚህ መሀል የአቶ ፍሰሐ ፎቅ፣ የተሰጣው ልብስ እላዩ ላይ እየተርገበገበ፣ መጥቶ መስኮታችን ሥር ተንበረከከ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከፊትዎ ቆሜብዎት ነበር» አለ።

«ተነሥ ልጄ፣ ጉልበትህን ያምሃል» አለው አባባ።

ፀሐይ ፕላስቲኩን ዘረጋች። ሚስማር በጥርሷ እንደያዘች «የት ነው የምመታው? የቆርቆሮው ጉብ ጉብ ያለው ላይ ነው ወይስ ጎድጓዳው ላይ?» ስትል ጠየቀች።

ገዛኸኝ አልጋው ላይ እንደተኛ ደረቱን ነፋ። «ጎድጓዳው ላይ ነዋ! እኔ ትናንት እዚያ ነው የመታሁት፤ ጥብቅ ነው የሚለው!»

የኃላፊው ፋይል ከእጁ ወደቀ። ፀሐይ ሚስማሩን ተፋችው።

«ወንድሜ፣ ውኃው የሚሄደው በየት ሆነና?» አለች።

ይህን ስትል በሩ ተበርግዶ ዝናብ ገባ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ጫማው ቸብ ቸብ የሚል ረጅም ሰውዬ ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ዘረጋና ጮክ ብሎ አነበበ።

«በአሥራ ስድስቱም ሚስማሮች ቀዳዳ እንድገባ ተፈቅዶልኛል። ፈራሚ፣ አቶ ገዛኸኝ።»

«መቼ ነው የምትገባው?» ብዬ ጮኽኩ።

«አሁን» አለና ባርኔጣውን ግንባሬ ላይ አራገፈው።

ባንኜ ተነሣሁ። ከጓዳ አባባ ይጣራል። «ባንቺ! ኧረ ባንቺ! ነይ ቶሎ!»

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። የክረምቱ ዝናብ በየሚስማሩ ቀዳዳ አባባ ላይ ይወርዳል። ብርድ ልብሱ ርሷል፣ ፍራሹ ርሷል፣ ጺሙ ይንጠባጠባል። ገዛኸኝ በአንድ እጁ ሳፋ፣ በሌላው ድስት ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ! አሁኑኑ ነቅዬ በሸራ እደፍነዋለሁ!»

«እስቲ ንካው!» አለ አባባ። «ንካውና እንተያያለን!»

ቀና ብዬ አየሁ። ከፕላስቲኩ ማዶ ግራጫ ሰማይ አለ፤ ደመናው ሲሄድ ይታያል። የአባባ ዓይን ፈጦ እሱን ይከተላል። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

«ነጋ እኮ፣ ባንቺ! እኔው ራሴ አየሁት፤ ማንንም አልጠየቅኩ!»

ብርድ እንዳይመታው ብዬ ጃንጥላ አምጥቼ ከራሱ በላይ ዘረጋሁለት። በእጁ ገፋው።

«ወዲያ ዘወር አድርጊው፣ ጋረድሽኝ!»