አሥራ ሁለት ጫማ የሰው ሣር

የሰው መሬት ሁልጊዜ ሰፊ ነው። ከጎረቤት ግቢ አሥራ ሁለት ጫማ ቢቆረስ ባለቤቱ ራሱ ልብ የሚለው አይመስልም። የራስን መሬት ግን እግዜር ሲፈጥረው ለክቶ፣ አስቦበት፣ አንዲት ስንዝር ሳያተርፍ ነው። ይሄን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያስተማሩኝ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ጎረቤቴ ሚስተር ዋልተር ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለችው እኔ በምኖርበት መንገድ ላይ ነው። ጠባብ ናት። በበዓል ቀን ግማሹ ምእመን ውጭ በረዶ ላይ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። አዳራሽ እንሥራ ስንል የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ በጎን በኩል አዲስ መንገድ ካልወጣ የግንባታ ፈቃድ አልሰጥም አለ። መንገዱ የሚያልፈው በቤተ ክርስቲያኗና በሚስተር ዋልተር ግቢ መካከል ነው። እኛ የድርሻችንን ሰጠን። የቀረው ከሳቸው ሣር አሥራ ሁለት ጫማ ነው። እሱንም በነፃ ለሕዝብ መስጠት አለባቸው። ዴዲኬሽን ይሉታል። ቆርሰህ ትሰጣለህ፣ በምላሹ ምንም አትቀበልም ብሎ የአዳራሹ ኮሚቴ አባል ሻምበል ግርማ ሲያስረዳኝ፣ ስዕለት ነው በለኛ አልኩት። ስዕለትማ የለመንከው ሲደርስልህ ነው አለኝ።

ጠበቃ ደብዳቤ ጻፈላቸው። አይሆንም ብለው መለሱ። ሁለተኛ ተጻፈላቸው። ዝም አሉ። ኮሚቴው ተጨንቆ ሳለ ኃይሉ የሚባለው ወዳጄ ከቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ደወለ። ኃይሉ በሽምግልና ስንቱን አጋብቷል፤ ከነዚያ ውስጥ የተፋቱት በእሱ አይቆጠሩም። ደብዳቤ? አለኝ። ሰው በደብዳቤ ሚስት ይጠይቃል? ሽማግሌ ላኩ እንጂ!

እውነቱን ነው አልን። ሦስት ሆንን። ኃይሉ ወጉን ስለሚያውቅ፣ ሻምበል እንግሊዝኛ ስለሚችል፣ እኔ ደግሞ ጸሎት ስለማበዛ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን እንዳጣፋን በራቸውን አንኳኳን። ሚስተር ዋልተር ከፈቱና ከላይ እስከ ታች አይተውን፣ ሃይማኖቴን አልቀይርም አሉ። ሻምበል ደረቱን ነፍቶ፣ ጌታዬ ሃይማኖትዎን አልፈለግንም፣ የምንፈልገው ሣርዎን ነው አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰሙ ብዙ ዘመን ሳይሆናቸው አልቀረም፤ አስገቡን።

ተቀመጡ አሉን። አልተቀመጥንም። ውኃ አመጡልን። አልነካንም። ሻምበልም በአገራችን ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም ብሎ አስረዳ። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና፣ እኔን እናቴ እንግዳ ቆሞ እንድቀመጥ አላሳደገችኝም አሉ። እሳቸውም ቆሙ።

እንግዲህ ይህን ማን አሰበው? ኃይሉ በሄደበት ሽምግልና ሁሉ አባት ተቀምጦ ነው የሚለመነው። ቆሞ የሚለመን አባት አጋጥሞት አያውቅም። አየኝ፤ አየሁት። ቆምን።

መቆምን በተመለከተ ግን ለእኔ አትስጉ። ሃያ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ሰው ሌላ ሙያ ይማራል፤ እኔ መቆም ተምሬአለሁ። የሚስተር ዋልተር ቀኝ ጉልበት ግን የታመመ ነበር። ሣራቸውን ሲያጭዱ እንኳ በየመሐሉ የሣር ማጨጃዋን ተደግፈው ያርፋሉ። እኔም በልቤ መጸለይ ጀመርኩ። ጉልበታቸውን አድክምልኝ አላልኩም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። ልባቸውን አራራልኝ ነው ያልኩት። በየት በኩል እንደሚያራራው ግን ለእሱ ተውኩለት።

መሐል ላይ ንግግር አደረግሁ። መሬት የእግዚአብሔር ናት፣ ስንመጣ ይዘናት አልመጣንም፣ ስንሄድም ይዘናት አንሄድም፣ ታዲያ ለአሥራ ሁለት ጫማ ምን ያሳስበናል? አልኩ። ሻምበል ሲያስተረጉም ኃይሉ እንባው መጣ። ሚስተር ዋልተር ግን፣ ይሄ ሰውዬ የራሱ ቤት አለው? ብለው ጠየቁ። አለው፣ ከእርስዎ ማዶ፣ ያ ጎመን የበዛበት ግቢ ሲባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተነኩ መሰለኝ።

አርባ ደቂቃ ሲሞላ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። በቃ ውሰዱት፣ ግን ስለ ፈጣሪ ተቀመጡ! አሉ። አራታችንም አንድ ላይ ዱብ አልን። ውኃውንም ጠጣን። ከዚያ ሚስተር ዋልተር ወረቀት አውጥተው ሻምበልን ይጠይቁት ጀመር። ስንት ሽማግሌ ይበቃል? ሦስት። ልብሱስ? ነጭ ቢሆን ይመረጣል። እሺ እስኪባል ምንም አይቀመስም? ምንም። እያንዳንዷን ጻፏት፤ የእኔን ንግግር ሳይቀር አስደግመው ጻፉት። ባህላችንን ወደዱት ብዬ ለአስካለ ለሚስቴ ነገርኳት። የመሬቱንም ወረቀት ፈረሙ። በቤተ ክርስቲያን ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ፤ ትዕቢት እንዳይሆንብኝ ሁለት ቀን ጾምኩ።

ከወራት በኋላ ከካውንቲው ለእኔ ደብዳቤ መጣ። አዲሱ መንገድ የሚወጣው በእኔ ቤት ትይዩ ስለሆነ መታጠፊያና የእግረኛ መንገድ ያስፈልገዋል። ከፊት ለፊቴ ስድስት ጫማ፣ በነፃ። ያ ካልሆነ መንገዱ አይሠራም፤ መንገዱ ካልተሠራ አዳራሹ የለም።

ስድስት ጫማ! ስድስት ጫማ ማለት እኮ ጎመኔ ነው። ጤና አዳሜ ነው። እስከ አስፐን ሂል ድረስ ያለ ሰው ጤና አዳም ሲያጣ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ደብዳቤውን ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። አስካለ አየችና፣ ምነው? አለችኝ። እየጸለይኩበት ነው አልኳት። አንተ ሰውዬ፣ አለች፣ አሮጊቶቹ በረዶ ላይ ቆመው፣ አንተ ለጎመን ትጸልያለህ? ኮሚቴው ሲጠይቀኝም እያሰብኩበት ነው አልኩ። ሦስት ሳምንት አሰብኩ።

አንድ እሑድ በር ተንኳኳ። ሚስተር ዋልተር ናቸው፤ ነጭ ሹራብ ለብሰዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽበታም ጎረቤቶቻቸው። አንዱ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሌላው ነጭ ነገር ያጣ ይመስለኛል፣ የገላ ፎጣ በትከሻው አጣፍቷል።

ተቀመጡ አልኳቸው። አልተቀመጡም። አስካለ አምባሻ አቀረበች። ቢያምራቸውም አልነኩም። ሚስተር ዋልተር ያቺን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። መሬት የእግዚአብሔር ናት። ስንመጣ ይዘናት አልመጣንም። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ናት፤ ይህንን ግን ያለ ሻምበል ገባኝ። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳ ዞረች።

እኔ አልተደናገጥኩም። ከሰውዬው ፊት ለፊት ቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩ ሰው ነኝ። ዓይኔን ወደ ቀኝ ጉልበታቸው ላክሁ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትሞላም ብዬ ገመትኩ። አስተያየቴን አዩና ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጓት። ባለፈው ክረምት በአዲስ አስቀይረዋታል። ብረት ናት። ሐኪሙም በየቀኑ ረዘም ላለ ሰዓት እንዲቆሙባት አዝዟቸዋል።

አስካለ ቢላዋና ዘንቢል ይዛ ጎመኑን ልትቆርጥ ወጣች።