የሜዳው ጸሎተኛ

የትምባሆ ሕጉ የወጣው ለሕዝብ ጤና ነው ይላሉ። አትመኑ! የወጣው እኔን ለማጋለጥ ነው። ድሮ አጫሽ የሆነ ጥግ ተሸሽጎ ያጨስ ነበር፤ ሕጉ መጣና ቤት ውስጥ ማጨስ ከልክሎ አደባባይ አወጣው። ታዲያ ይሄ ቁጥጥር ነው ወይስ ኤግዚቢሽን?

ጂንካ ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ማርታን ላገባ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አባባ ማርቆስ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጁ ያጨሳል አሉ። ካጨሰ ልጄን አልሰጥም።" ሽማግሌዎቼም እንዳስጠናኋቸው "ኧረ ድሮ ትቷል!" አሉ። እውነትም ትቻለሁ... እንቅልፍ ላይ ስሆን።

የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። እስከዚያ ተደብቄ ላጭስ አሰብኩ፤ ግን የት? መሥሪያ ቤታችን ጓሮ ብሄድ ጥበቃዋ፣ "ጋሼ፣ ግቢ ውስጥ አይቻልም! እኔን ሊያስቀጡኝ ነው?" አለችኝ። ሻይ ቤት ብገባ ባለቤቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ በማንኪያ አሳየኝ። "በባትሪ የሚሠራውን ሲጋራስ?" ብዬ ባልደረባዬን ብጠይቀው፣ "እሱማ ጭራሽ አይሸጥም!" ብሎ ሳቀብኝ።

ከሕንጻ ሁሉ የራቀ አንድ ቦታ ቀረኝ፦ የድሮው አየር ማረፊያ ሜዳ። ከድጡ ወደ ማጡ! ሜዳው ያለው ከተማው መሃል ነዋ። ዛፍ የለ፣ አጥር የለ... ላሞቹና እኔ ብቻ። ደግነቱ ጭሱን ነፋሱ ይወስድልኛል። ክብሪት ግን አያስጭርም፤ ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ፣ ሁለት እጄን ፊቴ ላይ ገጥሜ እለኩሳለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ማርታ ፊቷ በርቶ መጣች። "አባባ እንዴት እንደኮሩብህ! ሰው ሁሉ 'አማችዎ በየቀኑ ሜዳ ወጥቶ ለብቻው ይጸልያል' እያላቸው ነው።"

እዚህ አገር ለብቻው መጸለይ የፈለገ ሰው ሜዳ ይወጣል። ምን ልበል? "ጌታ ይመስገን" አልኩ። ባልሠሩት ሥራ መመስገን እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! እንዲያውም ከዚያ ወዲህ አበዛሁት።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቀን ገና ከመለኮሴ ከኋላዬ "ልጄ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባባ ማርቆስ! ሲጋራዋን ከነእሳቷ ኮቴ ኪስ ውስጥ ወሸቅኳት።

"ብቻህን ለምን ትደክማለህ? አብረን እንጸልይ ብዬ መጣሁ" አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ... አንዱን ብቻ። ሌላው ኪሴን ይጠብቃል።

"ጌታ ሆይ፣ በዚህ ልጅ ላይ እሳትህን አውርድ!"

"አሜን" አልኩ በቀጭን ድምፅ። ኪሴ ሞቅ ማለት ጀመረ።

"አውርድ!" አሉ ጮክ ብለው። ጎኔን ለበለበኝ። በዕድሜዬ ከልቤ የጸለይኩት ያን ጊዜ ነው፦ 'ጌታ ሆይ፣ አባባን ቶሎ አሜን አሰኝልኝ!'

አባባ ድንገት ጸሎቱን አቋረጡ። አሸተቱ። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ኪሴን አዩ፤ ከኪሴ የሚወጣውን ጭስ አዩ፤ መልሰው ጨፈኑ።

"ተመስገን ጌታዬ፣ ወርዷል! አሁን ደግሞ ልብሱን ሳይጨርስ አጥፋለት።"

ሠርጉ ቀረ ብዬ ነበር። አልቀረም፤ አባባ ለማርታም ትንፍሽ አላሉ። ብቻ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከሥራ ስወጣ ሜዳው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሕግን የሸሸ ሰው ሜዳ አያጣም፤ በየቀኑ ከአማቱ ጋር የሚጸልይ ግን የት ሄዶ ያጭስ?