የጋሼ ሰይድ የረጋች አህያ

ሰዎች! ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ታይመር ስሠራ ነበር። ተራራ ላይ ላሉት ቀይ ቀበሮዎች፣ አንገታቸው ላይ ለሚታሰር ጂፒኤስ ናት። ዋና ሥራዋ መተኛት ነው! በቀን ሦስቴ ብቻ ነቅታ ጂፒኤሱን ትቀሰቅሰዋለች፤ እሱም ቀበሮዋ ያለችበትን ይልክና ተያይዘው ይተኛሉ። ባትሪ ለመቆጠብ ነው። (በመተኛትማ ማን ይበልጠኝ ነበር!)

ዛሬ አንዲት ወጣት የቀበሮ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ኮምቦልቻ ልታየው መጣች። ከወደደችው፣ ቀበሮ ላይ ይታሰራል። ካልወደደችው ከውጭ ታስመጣለች፣ ሁለት ዓመቴን ውሃ በላው ማለት ነው።

ለሙከራ ከሳምንት በፊት የአጎቴ የጋሼ ሰይድ አህያ ላይ አስሬው ነበር። "ባትሪው ውድ ነው፣ አደራ!" ብዬ አምስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። አህያዋ ሰኞ ሰኞ እህል ጭና ሰኞ ገበያ ትወርዳለች፤ ስለዚህ ማስረጃው በሽ በሽ ነው።

ላፕቶፔን በኩራት ከፈትኩ።

ካርታው ላይ ሃያ አንድ ነጥብ። ሁሉም አንድ ቦታ!

"አህያዋ አትንቀሳቀስም እንዴ?" አለች ተመራማሪዋ።

"በጣም የረጋች አህያ ናት" አልኩ።

ያውም ኮስተር ብዬ! ጭራሽ ስለ አህያ ጠባይ ማስረዳት ጀመርኩ። የተማርኩት እኮ ኤሌክትሮኒክስ ነው!

"ሳምንት ሙሉ?"

ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ስፒከር ላይ! ምን ነካኝ?

"ጋሼ፣ አህያዋ አንገት ላይ ያሰርኩት ነገር አለ?"

"አብሽሪ ልጄ! ባትሪው አደራ ብለሽኝ የለ? ገና መንገዱን ሳትጨርሺ አወለቅኩላት። ወላሂ፣ ጎጆ ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ! ለቁም ነገር ቀን ታደርገዋለች።"

ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ተመራማሪዋ እንባዋን እየጠረገች ሰዓቶቹን ታይ ጀመር። ጠዋት አንድ። ቀን ስድስት። ከሰዓት አሥራ አንድ። ሰባቱንም ቀን፣ ደቂቃ ሳይዛነፍ! ባትሪው ደግሞ አልተነካም ማለት ይቻላል።

"ቀበሮ ላይ እናስረዋለን" አለች። "ቀበሮ ሳጥን የለውም።"

ደስታዬን በምን ቃል ልንገራችሁ! ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ቢስሚላህ!" ብለው ፈቀቅ አሉ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ሳምንት ሙሉ የእንጨት ሳጥን በሳተላይት የተከታተለ ሰው ከእኔ ሌላ አለ?