ጥፋቱ የጫፏ ነው

ካራምቡላ ተሸንፎ «ተሸነፍኩ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ የካራምቡላ ኳስ መምቻ ዘንግ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ አንድም አላጋጠመኝም። ጫፏ ላይ ያለችውን ያረጀች ቆዳ ልጬ አዲስ እለጥፋለሁ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ጠፍሬ አሳድራታለሁ፣ ጠዋት በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ አስተካክላታለሁ። የተሸነፈ ሁሉ ግን የሚረግመው ይቺኑ ቆዳ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አውራ ጓድ አለባቸው ነበር። እሑድ እሑድ የቀበሌያችንን ስብሰባ እየመራ ሁላችንንም በተራ ጥፋታችንን በገዛ አፋችን እያናዘዘ ግለሂስ ያስደርገናል። ከሰዓት በኋላ ካራምቡላ ይሸነፍና «ጫፏ ለስልሳለች፤ ቀይራት» ይለኛል። በአንድ ወር አራት ጊዜ ቀየርኩለት፤ የመጨረሻዋን እንዲያውም ከሱዳን በመጣ የግመል ቆዳ ነው የሠራኋት። ካራምቡላ ቤቱ ያለው ደህና ዘንግ አንድ ብቻ ስለነበር እሱና ተጋጣሚው በእሷው በተራ ሲመቱ፣ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ጎጃሜ፣ ጨዋታውን ከለመደ ሳምንት ያልሞላው፣ በሰው ፊት አሸነፈው።

በሚቀጥለው እሑድ ጓድ አለባቸው ራሱ ተነሣ። «ዛሬ እኔም ግለሂስ ላድርግ። ድክመቴ በዚህ ሰው ሥራ ማመኔ ነው» ብሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

በዚያ በደርግ ዘመን፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ጣት የተቀሰረበት ሰው ምን ይሆናል? ተነሣሁ።

«ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ። ዘንግ ሁለት ጫፍ አላት፤ በአንዱ ኳስ ትመታለች፣ በሌላው ሰው ይይዛታል። እኔ አራት ጊዜ ሙሉ የጠገንኩት ደህናውን ጫፍ ነው።»

«ጥፋቱን አመነ!» ብሎ መጀመሪያ ያጨበጨበው ጓድ አለባቸው ነበር።