ከይሪያ ራሷ ያልጻፈችውን አታምንም

የትም መሥሪያ ቤት ሂዱ፣ ሌላ ሰው በሠራው ነገር የማያምን አንድ ሰው አታጡም። ወሰን ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለችው የአምሃ የሶፍትዌር ቢሮ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው ክብርት ከይሪያ ናት። የቢሮውን ሶኬት ፈታ ሳታይ ቻርጀር አትሰካም። ኮድ ላይ ስትደርስማ አይጣል ነው።

አምሃ የክትባት ፍሪጅ ሙቀት የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ እንጦጦ ላይ ላለ ጤና ጣቢያ በዐሥር ቀን አደርሳለሁ ብሎ ነበር። በስድስተኛው ቀን ከይሪያ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን የሲ ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን የኮድ ጥቅል፣ ከመሣሪያው አውጥታ ጣለችው።

«እየሠራ አልነበር እንዴ?» አላት።

«ሺህ ነገር ተሸክሞ ነው የመጣው። እኛ የምንፈልገው ክፈት፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ዝጋ ብቻ ነው። አራቱንም የሚሠራው ከርነሉ ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት። ጥያቄያችንን የሚያደርስለት ትንሽ ላይብረሪ ራሴ እጽፋለሁ።»

አምሃ ለመናት፣ ተቆጣት፣ ሁለት ቀን አኮረፋት። እሷ ጻፈች። መሣሪያው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ተሰቀለ፤ ግን እንደ ላባ ቀለለ፣ ደህና ሠራም።

ከወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር የማርያምወርቅ ደወሉ። መሣሪያው ከዜሮ በታች አምስት ይላል። ክትባት በረዶ ከሠራ ይበላሻልና መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን ቀበና ወዳለ ክሊኒክ ልከው፣ ልጆቻቸውን ያዘሉትን እናቶች መልሰዋል።

ሁለቱም በአምሃ መኪና ወጡ። «መብራት እየመጣ ሲሄድ ነው እንላለን» አለ አምሃ ዳገቱ ላይ። 

ፍሪጁ ደህና ነበር። ከይሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ሲስተር፣ መብራቱ...» ብሎ ጀመረ አምሃ።

«መብራት አይደለም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ላልቷል። ከርነሉ ማንበብ አልቻልኩም ለማለት አምስት ቁጥርን ከመቀነስ ምልክት ጋር ይመልሳል። የጣልኩት ላይብረሪ ይህን ለብቻው ይለየው ነበር፤ የኔው ግን እንደ ሙቀት አሳየዎት። እናቶቹን የመለሱት በኔ ምክንያት ነው።»

ሲስተር የማርያምወርቅ ትክ ብለው አዩዋት። «ስንቱ ባለሙያ እዚህ መጥቷል፣ ልጄ። ሁሉም መብራት ነው ብሎኝ ነው የሚሄደው።» ከወንበር ላይ ካርቶን አነሱላት። «በይ ተቀምጠሽ አስተካክይው። እናቶቹን ለከሰዓት እጠራለሁ።»

አስተካከለችው። ሽቦውን በፊታቸው ዐሥር ጊዜ ነቀለችው፤ ዐሥር ጊዜም «አልተነበበም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀበና ወርዳ የበረዶ ሳጥኑን ራሷ ተሸክማ መለሰች። ለአምሃ እንኳ አላስይዝም አለች።

አምሃ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ እያሰበ ነዳ። በሰው ዕቃ የሚሠራ ሰው ጥፋት ሲመጣ የሚያሳብብበት አያጣም፤ እሱም ሲያሳብብ ነው የኖረው። ይቺ ሴት ግን ከራሷ በቀር ጥፋተኛ የምትለው ሰው አላስቀረችም።

ሰኞ ከይሪያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «የመሣሪያውን ሰዓት የሚቆጥረው የሰው ኮድ አላማረኝም። እሱንም ራሴ ልጻፈው።»

አምሃ ቀን መቁጠሪያውን ገለጠ። «ስንት ቀን ልያዝልሽ?»